አየር የማያፍን፣ አቧራ የማያሾልክ የፊልትሮ ቤት እንዴት ይነደፋል?

የአየር ፊልትሮ ቤት ራሳቸው የሚነድፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሐሳባቸው ሁሉ አየር እንደ ልብ እንዲገባ ነው። ቱቦው ይወፍራል፣ ሳጥኑ ይሰፋል፣ ሞተሩም መጀመሪያ አካባቢ አንደኛ ይሆናል። ቆይቶ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል) ይወርዳል፣ ሲፈታ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ሲሊንደሩ ተበልተው ይገኛሉ። ፊልትሮው ምንም አልሆነም። አቧራው በጠርዙ ዞሮ ነው የገባው።

ስለዚህ እዚህ ስለ ማተሚያው፣ ማለትም በፊልትሮው ጠርዝና በሳጥኑ መካከል አየር እንዳይሾልክ ስለሚዘጋው ለስላሳ ጠርዝ፣ የተጻፈው ከሌላው ሁሉ ይረዝማል። ሌላው ላይ ትንሽ ብትሳሳቱ ጥቂት ጉልበት ታጣላችሁ። እሱ ላይ ከተሳሳታችሁ ሞተሩን ነው የምታጡት።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን ለክታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

- የሞተሩ መጠን በሊትር
- ሞተሩ በሥራ ላይ በእርግጥ የሚደርስበት ከፍተኛ ዙር በደቂቃ
- ቱርቦ (አየሩን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) ካለው የቱርቦው ግፊት
- ቤቱ የሚቀመጥበት ቦታ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ
- ወደ ሞተሩ ወይም ወደ ቱርቦው የሚሄደው ቱቦ የውስጥ ዲያሜትር
- የአየር መለኪያ ሴንሰር ካለ፣ የተቀመጠበት ቱቦ ዲያሜትር

ከፍታውን ስትለኩ ክዳኑ ተነስቶ ፊልትሮው የሚወጣበትንም ክፍተት ቁጠሩ። ይህን ረስተው ፊልትሮ ለመቀየር ባትሪ የሚያስፈታ ቤት የሚሠሩ አሉ። እንዲህ ያለ ቤት ፊልትሮው በጊዜው አይቀየርም፣ አለቀ።

ካሊፐር፣ ወፍራም ካርቶን፣ ኖራ ወይም ጠመኔ፣ የእጅ ባትሪ፣ ግሪስ፣ እንዲሁም 4 ሜትር ያህል ቀጭን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ አዘጋጁ። የመጨረሻው ለፍተሻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በሥራው መሀል ሞተሩን ያለ ፊልትሮ "ለሙከራ ያህል" አታስነሱ። በተለይ ቱርቦ ያለው ከሆነ ቱቦ ውስጥ የቀረች አንዲት ዋሸር የቱርቦውን አየር መጭመቂያ (ኮምፕረሰር) ምላስ ትጨርሰዋለች።

## ደረጃ 1፦ ሞተሩ ስንት አየር እንደሚፈልግ አስሉ

ለባለ 4 ምት ሞተር ሒሳቡ ይህ ነው፦

መጠን በሊትር × ዙር በደቂቃ ÷ 2 × 0.85 = ሊትር በደቂቃ

በ 2 የሚካፈለው ሲሊንደሩ በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ስለሚስብ ነው። 0.85 ደግሞ ሲሊንደሩ ሙሉ በሙሉ እንደማይሞላ ታሳቢ ተደርጎ ነው። ባለ 2 ምት ከሆነ በ 2 አታካፍሉ።

ምሳሌ፦ ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ 6000 ዙር። 2 × 6000 ÷ 2 × 0.85 = 5100 ሊትር በደቂቃ። በ 60 ሲካፈል 85 ሊትር በሰከንድ። ይህን ቁጥር ያዙት፣ እስከ መጨረሻው እንጠቀምበታለን።

ቱርቦ ካለ ውጤቱን በግፊት ምጥጥን አባዙ። ጌጁ 1 ባር ካነበበና የውጭው አየር 1 ባር ከሆነ ምጥጥኑ (1 + 1) ÷ 1 = 2 ነው። የተጨመቀ አየር ስለሚሞቅ ደግሞ ትንሽ ይቀነሳል። ባለ 2.5 ሊትር ናፍጣ በ 4000 ዙር ያለ ቱርቦ 4250 ሊትር በደቂቃ ይስባል። በ 1 ባር ቱርቦ፣ የውጭው አየር 25 ዲግሪ ሆኖ ከማቀዝቀዣው 57 ዲግሪ ሆኖ ቢወጣ፣ 4250 × 2 × 0.90 ገደማ፣ ማለትም 128 ሊትር በሰከንድ አካባቢ ይሆናል።

ከፍታ ላይ የሚሠራ ሞተር ከሆነ ምጥጥኑን እንደገና አስሉት። ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ላይ የውጭው አየር ወደ 0.77 ባር ይወርዳል። ያው 1 ባር የጌጅ ግፊት ምጥጥኑን 2.3 ያደርሰዋል።

የአንድ ሲሊንደር ጉዳይ። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ከአራት ምት በአንዱ ብቻ ነው የሚስበው። ስለዚህ በሚስብበት ቅጽበት የሚወስደው አየር ከአማካዩ 4 እጥፍ ነው። ባለ 200 ሲሲ ጄኔሬተር በ 3600 ዙር በአማካይ 5 ሊትር በሰከንድ ይስባል፣ በመሳቢያው ምት ላይ ግን ወደ 20 ሊትር ይደርሳል። ቱቦውን በአማካዩ ከነደፋችሁት ሞተሩ ይታፈናል። እናንተም "ሒሳቡ ልክ ነበርኮ" እያላችሁ ትቀራላችሁ።

## ደረጃ 2፦ ሳጥኑን ሳትነድፉ ፊልትሮውን ምረጡ

መጀመሪያ ቆንጆ ሳጥን ሥሎ በኋላ የሚገባበት ፊልትሮ ፍለጋ መዞር ትርፉ ድካም ነው። ለብዙ መኪና የሚሆን፣ በቀላሉ የሚገኝ ፊልትሮ ምረጡ። ከዚያ ሳጥኑን በዙሪያው ንደፉ። ፊልትሮው ያልቃል፣ ሳጥኑ ይቀራል።

የሚፈለገው የወረቀት ስፋት የሚወሰነው አየሩ ወረቀቱን በሚያልፍበት ፍጥነት ነው። እኔ የምነሳው ከዚህ ነው፦ አቧራ ለበዛበት ሥራ በሰከንድ ከ 0.05 እስከ 0.1 ሜትር፣ አስፋልት ላይ ለሚውል መኪና እስከ 0.2 ሜትር። ከዚያ ሲበልጥ ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል።

1. የእጥፋቱን ጥልቀት ለኩ፣ ለምሳሌ 45 ሚሊሜትር።
2. እጥፋቶቹን ቁጠሩ። 250 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ በየ 4 ሚሊሜትሩ ከሆነ 62 ይሆናሉ።
3. የእያንዳንዱን እጥፋት ርዝመት ለኩ፣ ለምሳሌ 180 ሚሊሜትር።
4. 2 × 0.045 × 0.18 × 62 አስሉ። 1 ካሬ ሜትር ይመጣል።
5. በሙጫና በጠርዝ ለሚጠፋው 10 በመቶ ቀንሱ፣ 0.9 ይቀራል።
6. 0.085 ሜትር ኩብ በሰከንድ ÷ 0.9 = 0.094 ሜትር በሰከንድ።

ለምሳሌው ሞተር ይህ ፊልትሮ አቧራማ ቦታም ቢሆን ይበቃል። ባይበቃ ኖሮ ወደ ትልቅ ፊልትሮ መሄድ ነው። እጥፋቱ ይበልጥ የተጠጋጋ መምረጥ ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ሲጠጋጋ አቧራው መሀሉን ሞልቶ ይደፍነዋል።

ጠፍጣፋ ይሁን ክብ? ለመኪና ኮፈን ሥር ጠፍጣፋው ይመቻል። ለእርሻ፣ ለግንባታና ብዙ ለሚንቀጠቀጥ ማሽን ግን ክቡ ይሻላል፤ በተለይ ቱቦው ላይ ተወጥሮ በዙሪያው የሚታተመው ዓይነት፣ ክዳኑ ቢላላ እንኳ ማተሙን ስለማይለቅ። ቦታ ካለ ውስጡ ሁለተኛ መጠባበቂያ ፊልትሮ ጨምሩበት።

## ደረጃ 3፦ ቆሻሻውንና ንጹሑን ወገን ለዩ፣ ከዚያ በካርቶን ሞክሩ

ከፊልትሮው በፊት ያለው ክፍል ቆሻሻ ወገን ነው፣ ከፊልትሮው በኋላ ያለው ንጹሕ። ይህ መስመር ሥዕሉ ላይ በቀለም ይሠመር። በኋላ ብሎን፣ ሴንሰር ወይም ቱቦ በጨመራችሁ ቁጥር "ይሄ በየትኛው ወገን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

- ጠፍጣፋ ፊልትሮ ከሆነ አየሩ ከታች ገብቶ ወደ ላይ ይውጣ። አቧራውና ውሃው ታች ይቀራሉ። የአየሩ አቅጣጫ ሲገለበጥ ግን ክዳኑን በከፈታችሁ ቁጥር አቧራው ንጹሑ ወገን ላይ ይረግፋል።
- ክብ ከሆነ አየሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሂድ። በፊልትሮውና በግድግዳው መካከል ዙሪያውን ከ 15 እስከ 20 ሚሊሜትር ተዉ።
- መግቢያው አየሩን ቀጥታ ወረቀቱ ላይ አይተኩስ። አንድ ቦታ ብቻ ይቆሽሽና የቀረው ነጭ ሆኖ ይጣላል።
- እጥፋቶቹ በአየሩ አቅጣጫ ርዝመታቸውን ይዘው ይቀመጡ።
- ቆሻሻው ወገን ከመግቢያው እየራቀ ሲሄድ ይጥበብ፣ ንጹሑ ወደ መውጫው ሲቀርብ ይስፋ። አየሩ በእኩል ይከፋፈላል።

አሁን በካርቶን ሥሩትና ቦታው ላይ አስቀምጡት። ኮፈኑን ዝጉ። ክዳኑ ይነሳል? ክሊፖቹ ጋ እጅ ይደርሳል? ካልደረሰ ካርቶን መቅደድ ምንም አይደለም።

## ደረጃ 4፦ ማተሚያው

### ትንሽ ክፍተት ምን ያህል ታበላሻለች?

ፊልትሮው ከሚመጣው አቧራ 99.5 በመቶ ይይዛል እንበል። የሚያልፈው 0.5 በመቶ ነው። አሁን ጠርዙ ላይ 20 ሚሊሜትር ርዝመትና ግማሽ ሚሊሜትር ከፍታ ያላት ክፍተት አለች። በፊልትሮው በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ሲሆን አየሩ በዚያች ክፍተት በሰከንድ ወደ 40 ሜትር ፍጥነት ይወረወራል። ሲሰላ በሰከንድ ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ከ 85 ሊትሩ 0.3 በመቶ ያህል ማለት ነው፣ ያውም ጨርሶ ሳይጣራ።

በሌላ አነጋገር ጥፍር የማታስገባ ክፍተት ወደ ሞተሩ የሚገባውን አቧራ ከግማሽ በላይ ትጨምረዋለች። ፊልትሮው ሲደፈንና ልዩነቱ 4 ኪሎ ፓስካል ሲደርስ ደግሞ በዚያችው ክፍተት የሚያልፈው በእጥፍ ያድጋል። ፊልትሮው ባረጀ ቁጥር ክፍተቷ ትብሳለች። በወረቀቱ ውስጥ የሚያልፈው ደቃቁ ነው፤ በክፍተት ግን ትልልቁም ይገባል።

### አሠራሩ

1. የማተሚያውን ውፍረት ለኩ። ሳትጫኑ፣ በካሊፐር፣ ብዙ ቦታ ላይ። ለስላሳ የፖሊዩሪቴን ጠርዝ ከ 20 እስከ 30 በመቶ መጨመቅ አለበት። 16 ሚሊሜትር ከሆነ ቤቱ ሲዘጋ 12 ሚሊሜትር ቦታ ብቻ ይተውለት።

2. ክዳኑ በራሱ ላይ ይቁም። ላይኛውና ታችኛው ግማሽ ሲገጠሙ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ይንካ። ክዳኑ ማተሚያው ላይ ብቻ ተንተርሶ ከቆመ ጭመቱ በክሊፑ ጥንካሬ ይወሰናል፣ አንዱ ጥግ ይጨፈለቃል፣ ሌላው ይከፈታል።

3. የምትነክስ ጠርዝ ሥሩ። በንጹሑ ወገን ግማሽ ላይ 2 ሚሊሜትር ስፋትና ከ 2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከፍታ ያላት፣ ጫፏ የዞረ ከንፈር ዙሪያውን ትዙር። ማተሚያው መሀል ላይ ትረፍ። የትም አትቋረጥ፣ ጥግ ላይ በተለይ።

4. ጥጎቹን አዙሩ። የጥጉ ክብ ከፊልትሮው ጥግ ጋር ይመሳሰል። ብዙዎቹ የሚያሾልኩት እዚያ ነው።

5. ጠርዙ አይጣመም። ሁለቱ ግማሾች የሚገጣጠሙበት ፊት ዙሪያውን ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ መወላገድ የለበትም። ከሥሩ ድጋፍ አድርጉለት። ክሊፖችን ከ 100 ሚሊሜትር ብዙ አታራርቁ። አንዱ ወገን ማጠፊያ ከሆነ ክሊፑ በተቃራኒው ይሁን፣ ጎኖቹም ባዶ አይቅሩ።

6. ብሎኖች ከማተሚያው መስመር ውጭ ይሁኑ። ወደ ንጹሑ ወገን ያለፈ የብሎን ቀዳዳ ሁሉ የአቧራ በር ነው።

7. ፊልትሮው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይግባ። ተገልብጦ የሚገባ ከሆነ አንድ ቀን ይገለበጣል። ትንሽ ጉብታ ጨምራችሁ ከልክሉ።

### ቼክ አድርጉ

ከንፈሯን ጠመኔ ቀቡ፣ ፊልትሮውን አስገብታችሁ ዝጉ፣ ክፈቱ። ማተሚያው ላይ ያልተቋረጠ ነጭ መስመር መታየት አለበት። ከዚያ ፊልትሮው እንዳለ የበራ የእጅ ባትሪ ቆሻሻው ወገን ውስጥ አስገቡና በጨለማ ቦታ በመውጫው ቱቦ ተመልከቱ። በወረቀቱ ላይ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ሊኖር ይችላል። በጠርዙ የሚሾልክ ስለት የመሰለ ብርሃን ካያችሁ ቤቱ አልታተመም።

መስመሩ ተቆርጦ ከተገኘ፦ ጥግ ላይ ከሆነ ከንፈሯን እዚያ በግማሽ ሚሊሜትር ከፍ አድርጉ። በሁለት ክሊፖች መካከል ከሆነ ጠርዙ እየታጠፈ ነው፣ ድጋፍ ወይም ክሊፕ ጨምሩ። አንድ ሙሉ ጎን ላይ ከሆነ ፊልትሮው ጎድጓዳው ውስጥ እየተንሸራተተ ነው፣ ማቆሚያ ያስፈልገዋል።

ሲልኮን ለጥፋችሁ አትለፉት። ፊልትሮው በተቀየረ ቁጥር ይቀደዳል፣ ቁራጩም ወደ ሞተሩ ሊሄድ ይችላል።

## ደረጃ 5፦ መግቢያው

አየሩን ከቀዝቃዛ ቦታ አምጡ። አየር በ 10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ክብደቱ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከራዲያተሩ ጀርባና ከጭስ ማውጫው አጠገብ የተከፈተ አፍ ጉልበት ይሰርቃል።

ዲያሜትሩን በፍጥነት ምረጡ። በቱቦው ውስጥ በሰከንድ ከ 20 እስከ 30 ሜትር ጥሩ ነው። ለ 85 ሊትር 70 ሚሊሜትር ቱቦ 22 ሜትር በሰከንድ ይሰጣል፣ 60 ሚሊሜትር ደግሞ 30። የግፊት ኪሳራው (አየሩ በመንገዱ የሚያጣው ግፊት) በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ 10 ሚሊሜትር መቀነስ ኪሳራውን ወደ እጥፍ ይወስደዋል። የቱቦውን አፍ ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡት፣ እንደ ጡሩንባ ክፈቱት።

ውሃ ሌላ ራስ ምታት ነው። ፒስተን ውሃን አይጨምቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ በቂ ውሃ ከገባ የሚታጠፈው የፒስተኑ ዘንግ ነው።

1. አፉን በተቻለ መጠን ከፍ አድርጉ፣ ወደ ፊት ሳይሆን ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ይይ።
2. አፉ አካባቢ ስፋት ስጡት። አየሩ ሲዘገይ ጠብታው ይወድቃል።
3. በቆሻሻው ወገን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከ 6 እስከ 8 ሚሊሜትር የውሃ መውጫ ብሱ።
4. ለአቧራማ ሥራ በቀዳዳው ፋንታ ሲጫኑት የሚከፈት የጎማ ምላስ ግጠሙ። ውሃውንም አቧራውንም ያወጣል።

ይህ ቀዳዳ በቆሻሻው ወገን ብቻ ነው። በንጹሑ ወገን የውሃ መውጫ የሚባል ነገር የለም።

አቧራው ከመጠን በላይ ከሆነ ክብ ቤት ላይ መግቢያውን ጎን አስይዛችሁ አስገቡት። አየሩ እየተሽከረከረ ሲገባ ከባዱ አቧራ ግድግዳውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፊልትሮው ጋ የሚደርሰው ያንሳል።

## ደረጃ 6፦ መውጫውና በንጹሑ ወገን የሚገጠሙት

ወደ ሳጥኑ ውስጥ ዘልቆ የገባ ስለታም ቱቦ ከሁሉ የከፋው መውጫ ነው። ከግድግዳው ጋር እኩል የተቆረጠው የዚያን ግማሽ ያህል ይከስራል። ጠርዙ የዞረው ግን ኪሳራው እዚህ ግባ አይባልም። ጠርዙ የሚዞርበት ክብ ራዲየስ ከቱቦው ዲያሜትር 0.15 ያህል ይበቃዋል፣ ለ 70 ሚሊሜትር ቱቦ 10 ወይም 11 ሚሊሜትር። ለትንሽ ሥራ ትልቅ ትርፍ ነው፣ አትዝለሉት።

የአየር መለኪያ ሴንሰር ካለ የተቀመጠበትን ቱቦ ዲያሜትር አትንኩ። ከ 70 ወደ 76 ሚሊሜትር ቢሰፋ ስፋቱ 18 በመቶ ይጨምራል፣ ሴንሰሩ አየሩን አሳንሶ ያነባል፣ ነዳጁ ያንሳል። ከሴንሰሩ በፊት የቻላችሁትን ያህል ቀጥ ያለ ቱቦ ተዉ። ቦታ ከሌለ የማር እንጀራ የመሰለ ማቅኛ ወይም ወንፊት ግጠሙ። ዘይት የሚቀባ ፊልትሮ ከተጠቀማችሁ ዘይት አታብዙ፣ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል።

የሞተር መተንፈሻ ቱቦ በንጹሑ ወገን፣ ሴንሰር ካለ ደግሞ ከሴንሰሩ በኋላ ይገናኝ። ቆሻሻው ወገን ላይ ካገናኛችሁት የዘይቱ እንፋሎት ፊልትሮውን ያጣብቀዋል።

ካርቡሬተር ከሆነ የነዳጅ ጎድጓዳው መተንፈሻ ከንጹሑ ወገን አየር ማግኘት አለበት። ከውጭ ከተነፈሰ ፊልትሮው በቆሸሸ ቁጥር ነዳጁ እየበዛ ይሄዳል፣ ሞተሩም ጥቁር ጭስ ይተፋል። እንዲህ ያለ ሞተር በካርቡሬተሩ በኩል እሳት ሊተፋም ስለሚችል ክሊፖቹ ጠንካራ ይሁኑ፣ ቀላል የሚቀልጥ ፕላስቲክም አይመረጥ።

## ደረጃ 7፦ የሳጥኑ መጠንና ድምፁ

ለመኪና ሞተር ከሞተሩ መጠን 4 ወይም 5 እጥፍ ይዤ እጀምራለሁ። ለአንድ ሲሊንደር 10 እጥፍና ከዚያ በላይ፣ በተለይ ንጹሑን ወገን ሰፋ አድርጌ፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሲጎርስ ከዚያ ይወስዳልና።

ድምፁ ካስቸገረ መጀመሪያ ድግግሞሹን እወቁ። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በ 3000 ዙር በሰከንድ 100 ጊዜ ይስባል። ይህን በጎን በተቀጠለ ባዶ ጎድጓዳ ለመዋጥ፣ አንገቱ 30 ሚሊሜትር ዲያሜትርና በሒሳብ 60 ሚሊሜትር ርዝመት ካለው፣ ወደ 3.5 ሊትር ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይህን ያህል ቦታ የለም። ያን ጊዜ የመግቢያ ቱቦውን ማስረዘምና የሳጥኑን ግድግዳ ማጠንከር ይቀላል።

## ደረጃ 8፦ ግድግዳውና የሚሠራበት ነገር

ፊልትሮው ሲደፈን ሳጥኑ ወደ ውስጥ ይሳባል። 300 በ 200 ሚሊሜትር የሆነ ክዳን ላይ 5 ኪሎ ፓስካል ማለት 30 ኪሎ ያህል ጭነት ነው። ዝርግ ክዳን ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ጠርዙ ይነሳል፣ ደረጃ 4 ላይ የደከማችሁበት ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ክዳኑን ትንሽ ጉብ አድርጉት፣ ወይም የጎድን አጥንት (የሚያጠነክር ቀጭን ጉብታ) ስጡት።

- በቅርጽ የሚፈስ ፕላስቲክ፦ ፖሊፕሮፒሊን ከታልክ ጋር፣ ሙቀት ከበዛ ናይለን ከመስታወት ክር ጋር። ግድግዳ ከ 2 እስከ 3 ሚሊሜትር። የጎድን አጥንቱ ውፍረት ከግድግዳው ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ካለፈ ፊቱ ይሰረጉዳል።
- ላሜራ፦ አሉሚኒየም ከ 1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር። የብየዳውን ፍርፋሪ ንጹሕ አድርጋችሁ አጽዱ።
- በ 3ዲ ፕሪንተር፦ ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ኮፈን ሥር አይገባም፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ኤቢኤስ ወይም ኤኤስኤ ተጠቀሙ። በንብርብሮቹ መካከል አየር ስለሚያልፍ ንጹሑን ወገን ከውጭ በኢፖክሲ ሸፍኑት።

## ደረጃ 9፦ አሰቃቀል

ሳጥኑን ከሞተሩ ጋር አትሰሩት። በጎማ ላይ አድርጋችሁ ከቦዲው ጋር አያይዙት፣ ከሞተሩ ጋር ደግሞ እንደ አኮርዲዮን በሚታጠፍ ጎማ አገናኙት። ሞተር ሲነሳና ሲጫን ይወዛወዛል፤ ጎማው ያንን ካልዋጠ ሳጥኑ ይሰነጠቃል። ስንጥቁም ብዙ ጊዜ በንጹሑ ወገን ቱቦ ሥር ነው የሚገኘው። ጎማው በመሳብ የማይጨፈለቅ፣ ሽቦ ወይም ጠንካራ ቀለበት ያለው ይሁን። በሁለቱም ጫፍ ፋሸታ (ጎማውን የሚያጠብቅ ቀለበት)፣ ከፋሸታው ሥር ደግሞ ጎማው እንዳይወጣ የምትይዝ ትንሽ ጉብታ ያስፈልጋል።

## ደረጃ 10፦ ፍተሻ

### የግፊት ኪሳራ

1. ከፊልትሮው በኋላ ቀጥ ባለው ቱቦ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ። ሌላ አንድ በቆሻሻው ወገን። ውስጡ ፍርፋሪ አይኑረው። የብረቱ ወይም የፕላስቲኩ ብናኝ ከመጸዳቱ በፊት ሞተሩን አታስነሱ።
2. የሚያሳየውን ቱቦ ሰሌዳ ላይ በዩ ቅርጽ እሰሩ፣ እያንዳንዱ እግር 80 ሴንቲሜትር ይሁን። እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉት።
3. የዚህን ቱቦ አንድ ጫፍ ከቀዳዳው ጋር አገናኙ፣ ሌላውን ለአየር ክፍት ተዉት። በቱቦውና በቀዳዳው መካከል ባዶ ጠርሙስ አስገቡ። ውሃው ቢሳብ እዚያ ይቀራል።
4. በከፍተኛ ዙርና በሙሉ ጭነት ልዩነቱን አንብቡ። 102 ሚሊሜትር ልዩነት 1 ኪሎ ፓስካል ነው።

ጭነት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ የአየር መዝጊያ ምላስ ስለሌለው ባዶውን በከፍተኛ ዙር ቢለካም ያስኬዳል። ቤንዚን ሞተር ግን ነዳጁ ሙሉ ካልተረገጠ፣ ቱርቦ ናፍጣም ካልተጫነ የሚነበበው ቁጥር ያሞኛችኋል።

በአዲስ ፊልትሮ ከ 2 ኪሎ ፓስካል በታች ካገኛችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። የሞተሩ አምራች የሰጠው ገደብ ካለ እሱ ይቀድማል። ከሌለ ቱርቦ በሌለው ናፍጣ 5፣ ቱርቦ ባለው 6.2 ኪሎ ፓስካል ፊልትሮ ለመቀየር የተለመዱ ገደቦች ናቸው። በሙሉ ሥርዓት በላቦራቶሪ ማስፈተሽ ለሚፈልግ መለኪያው አይኤስኦ 5011 ነው።

### ማሾለክ

ከፊልትሮው በኋላ የቱቦውን ውስጥ ስስ ግሪስ ቀቡ፤ ሴንሰር ካለ ግን ከሴንሰሩ በኋላ ብቻ። አቧራ ባለበት መንገድ ለተወሰኑ ቀናት ይሠራ። ከዚያ ከፍታችሁ በጣታችሁ አሹት። የሚያሻክር ከሆነ አቧራ ገብቷል። ንጹሑን ወገን ደግሞ በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። አቧራ የሚሾልክበት ቦታ ከክፍተቱ የሚነሳ የምላስ ቅርጽ ያለው ዱካ ይተዋል፤ ዱካውን ተከትላችሁ ወደ ምንጩ ትደርሳላችሁ።

## ውጤቱ ካልጣመ

ኪሳራው ከፍ ብሎ ከሆነ በሁለቱ ቀዳዳዎች የሚነበበውን አነጻጽሩ። ልዩነቱ የፊልትሮው ድርሻ ነው፣ የቆሻሻው ወገን ንባብ ደግሞ የመግቢያው። ቱርቦ በሌለው ሞተር ሌላም ዘዴ አለ፦ በ 2000 ዙር ለኩ፣ በ 4000 ለኩ። ኪሳራው 4 እጥፍ ገደማ ከሆነ ጥፋቱ የቱቦው ወይም የመታጠፊያው ነው። 2 እጥፍ አካባቢ ከሆነ ወረቀቱ አንሷል።

ፊልትሮው በአንድ ጎን ብቻ ከቆሸሸ ከመግቢያው ፊት ለፊት ትንሽ መከለያ ምላስ ትከሉ፣ ወይም የመግቢያውን አቅጣጫ ከፊልትሮው አዙሩ።

ፊልትሮው እርጥብ ሆኖ ከተገኘ የውሃ መውጫው መደፈኑን እዩ። ክፍት ከሆነ በመሳብ ምክንያት በዚያው ውሃ እየገባ ይሆናል፣ በጎማ ምላስ ቀይሩት።

በተወሰነ ዙር ላይ ብቻ የሚመጣ ጩኸት ካለ ሞተሩን በዚያው ዙር ላይ ይዛችሁ ክዳኑን በእጅ ጫኑት። ድምፁ ከቀነሰ ግድግዳው ነው የሚርገበገበው፣ አጠንክሩት።

የአየር መለኪያው ንባብ ከዋለለ ሳጥኑን ከመንካታችሁ በፊት ከሴንሰሩ በኋላ ያለውን ጎማና ፋሸታ ፈትሹ። እዚያ ቀዳዳ ካለ ያልተለካ፣ ያልተጣራም አየር እየገባ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ፊልትሮውን ሩብ ዙር አዙራችሁ ሞክሩ፣ ክብ ከሆነ። ንባቡ አብሮ ከተለወጠ የአየሩ ሽክርክሪት ነው፣ ማቅኛ ግጠሙ።

የጠመኔው መስመር ጥሩ ሆኖ ጨርቁ ግን ከቆሸሸ ፊልትሮውን ራሱን ጠርጥሩ። ወረቀቱ ከጠርዙ ጋር የተጣበቀበትን ሙጫ በእጅ ባትሪ ዙሪያውን እዩ። ቀዳዳ ካለው ጣሉት፣ ከሌላ አምራች ገዝታችሁ ፍተሻውን ድገሙ።